እማሆይ የለኩን ዓመት

ሰም በሸተተኝ ቁጥር አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ቁመቴን የሚለካኝ ይመስለኛል። ባለፈው ጥቅምት ለዘመድ ተዝካር ወዳደግኩባት ወደ ዘመሮ ሄጄ ነበር። የድንኳኑ ጫጫታ ሲሰለቸኝ ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወጣሁና በቅጽሩ ጥግ ያለችውን ደሳሳ ጎጆ አየኋት። አሁን ማገዶ ያስቀምጡባታል። በሩን ገፋ ሳደርገው የቀለጠ ሰምና የበግ አጎዛ ሽታ ፊቴን መታኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አልለቀቃትም። ሳላስበው ጀርባዬን ከመቃኑ አጣብቄ፣ ተረከዜን ገጥሜ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አንድ ዲያቆን አይቶኝ፣ "እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ። አላመመኝም። አሥር ዓመቴ ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ሁለተኛው ክረምት አልፏል። ወንድሜ ደምሴ ሰባት ዓመቱ ነው። አባታችን ከቀድሞው ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሄዶ አልተመለሰም። ሞቷል ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም። የምንኖረው ታች ሰፈር፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ባሏ ያልተመለሰ ሴት ሁሉ የተጠራቀመው እዚያ ሰፈር ነበር። እናቴ የበግ ፀጉር ነድፋ፣ ፈትላ፣ ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ለሚሠሩት ሸማኔዎች ታስረክባለች። ከቤታችን የሱፍ ሽታ አይጠፋም፤ ዝናብ የመታው በግ አብሮን የሚያድር ይመስል ነበር።

ጠዋት ጠዋት አንድ ሥራ ነበረኝ። እማዬ መቀነቷን ስትታጠቅ ጫፉን ይዤ ግድግዳው ጋ እቆማለሁ። እሷ ሌላውን ጫፍ ወገቧ ላይ ይዛ እየዞረች፣ እየተጠቀለለች ወደ እኔ ትመጣለች። ሦስት ጊዜ ዞራ አጠገቤ ትደርሳለች። ላላ ካደረግኩት ትቆጣኛለች፤ "ጠበቅ አድርጊው፣ ወገቤን የሚይዝልኝ እሱ ነው" ትላለች። ለእኔ ግን ጨዋታ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከዚያ የእማዬ ሆድ ከፊቴ ይገተራል።

በኅዳር ወር የማርያም ጽዋ ማኅበር ሰዎች ሰፈራችን መጡ። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በሃያ አንድ ተራ በተራ የሚደግሱትን ድግስ ቀንሰው፣ የቀነሱትን ገብስ ቆልተው፣ ፈጭተው፣ በሶውን ለታች ሰፈር ልጆች ለመስጠት ተስማምተው ኖሯል። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ቀን ያየሁት ሁለት ነጠላ የለበሱ ሴቶችና አንድ ደብተር የያዘ አስተማሪ ብቻ ነው። አስተማሪው በየበሩ እየቆመ፣ "ስንት ልጅ አለ? ወንድ ስንት? ዕድሜው?" ይላል።

በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ባለፈው መንግሥት ደብተር ይዞ የመጣ ሰው ወንድ ልጅ ይዞ ነው የሄደው። አዲሱ ደግሞ ምን እንደሚይዝ ገና አልታወቀም። እማዬ ደምሴን አንጠልጥላ ባዶው ጎታ ውስጥ ከተተችውና የጎታውን አፍ በሰፌድ ከደነችው። ለአስተማሪው፣ "ሴት ልጅ ብቻ ናት ያለችኝ፤ ይችው" አለችው። ደምሴ ከጎታው ውስጥ አስነጠሰ። አስተማሪው ጎታውን አየ፤ እማዬ አስተማሪውን አየች። "ድመት ናት" አለች። ደምሴ ደግሞ አስነጠሰ። አስተማሪው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ ቤት ምን እንዳጋጠመው አላውቅም፤ የሮጠው ግን ከዚያ ነው።

በሳምንቱ እማሆይ ብቻቸውን መጡ። በዚያች በቅጽሩ ጥግ ባለች ጎጆ የሚኖሩ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ የሚሠሩ መነኩሲት ናቸው። አጭር ናቸው፤ ጣቶቻቸው በሰም ብዛት ያብረቀርቃሉ። ደብተር አልያዙም። የያዙት የጥጥ ፈትል ልቃቂት ነው፤ ጧፍ የሚሠሩበት።

"ስም አልጽፍም፤ መጻፍም አልችልበት" አሉ ለእናቶቹ። "ልጆቹን ብቻ አቁሙልኝ።"

እማዬ ትንሽ አመነታችና ደምሴን ከጎታው አወጣችው። እማሆይ ከመቃኑ ጋር አቆሙን። የፈትሉን ጫፍ ከተረከዜ ሥር አስረገጡኝና ወደ ላይ ሳቡት፤ አናቴ ላይ ሲደርስ በጥርሳቸው በጠሱት። ማን የማን እንደሆነ እንዳይጠፋባቸው በየፈትሉ ጫፍ አንድ ነገር እንድናስር ጠየቁ። እማዬ በእኔ ፈትል ላይ ከአሮጌ ቀሚሷ የቀደደችውን ቀይ ጨርቅ፣ በደምሴ ላይ ከአባቴ የወታደር ካፖርት የወደቀውን ቁልፍ አሰረች። ጎረቤታችን ሙሉ ሰማያዊ ጨሌ አሰረች። ሙሉ ጓደኛዬ ናት፤ ከእኔ ትንሽ ታንሳለች።

እኔ ይህን ልክ አውቀዋለሁ። በክረምቱ ከበስተጀርባችን የሚኖሩት ሽማግሌ ሲሞቱ፣ ልጃቸው ገመድ ይዞ ገብቶ ከራስ እስከ እግራቸው ለክቶ፣ ገመዱን በትከሻው ላይ ጥሎ ወደ መቃብር ቆፋሪዎቹ ሲሄድ አይቻለሁ። ሰው በገመድ የሚለካው ለምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አልፈለግኩም። እማዬ ግን እየሳቀች እማሆይን እስከ በር ሸኘች። እንዴት አይገባትም ብዬ ተናደድኩ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ቤተ ክርስቲያን መውጣት ሆነ። ቅጽሩ ውስጥ ካለው ትልቅ ጽድ ሥር ጭቃ የነካውን እግራችንን በቀዝቃዛ ውኃ እንታጠባለን፤ አንድ ዲያቆን ጸሎት ያስጠናናል፤ ሲያልቅ እማሆይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ጣሳ በሶ በያዘው ዕቃ ይሰፍሩለታል። የእኔን ከደምሴ ጣሳ ጋር አስተያይቼ ነበር የምቀበለው። አንድም ቀን አላጎደሉም። ይህም ራሱ አጠራጠረኝ፤ እንደዚህ እኩል የሚሰፍር ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። እትዬ አስካለም በራቸው ላይ ተቀምጠው፣ "በነጻ የሚሰጥ ነገር አለ? ዶሮም መጀመሪያ ጥሬ ይበተንላታል" ይላሉ። ይህን እያሉ የራሳቸውን ሦስት ልጆች ይልካሉ።

ቤት ስንደርስ እማዬ ሁለቱን ጣሳ በአንድ ቅል ትገለብጠዋለች። በሶውን በውኃ እያሸች መጀመሪያ ለደምሴ ትልቅ ትልቅ ጭብጦ ትሰጠዋለች። እስኪጠግብ ድረስ እጠብቃለሁ። የተረፈው የእኔ ነው፤ አንዳንድ ቀን ቅሉን በጣቴ እጠርገዋለሁ። ይህን እንደ በደል አላየሁትም። ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣ፣ ደምሴ አስቀድሞ ይበላል። ዓይኔን የጣልኩት እማሆይ ላይ ብቻ ነበር።

በጥር ሰፈራችን ኩፍኝ ገባ። ደምሴም እኔም ታመን ተነሣን። ሙሉ አልተነሣችም። ከተቀበረች በኋላ፣ አርባዋ ሊደርስ ሲል፣ ቅዳሜ ቀን እግሬን ታጥቤ እማሆይ ጎጆ በር ላይ ፀሐይ ስሞቅ ወደ ውስጥ አየሁ። እማሆይ ጉልቻ ላይ በተጣደ ድስት ሰም አቅልጠው ፈትል እየነከሩ፣ እያወጡ በሁለት ጣት ያለሰልሱታል። የፈትሉ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ጨሌ ነበር።

የለኩን ለዚህ ነው። ፈትሉን ሰም ሲያስነክሩት ባለቤቱ ይሞታል። መጀመሪያ ሙሉ ሞታ ኋላ ፈትሏ ሰም መነከሩን ማገናዘብ አልቻልኩም፤ ፍርሃት ቀደም ተከተል አያውቅም። ለእማዬ ስነግራት፣ "ዝም በይ፣ መነኩሴ አይታማም" ብላ አፌን በእጇ ያዘችው። እጇ ሱፍ ሱፍ ይሸት ነበር። በሷም ተስፋ ቆረጥኩ።

ሑዳዴ ሲገባ ቅዳሴው ቀን እየሆነ እማሆይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጎጇቸው ይርቃሉ። አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ገባሁ። በሩ በእንጨት ብቻ ነው የተሸጎጠው። ፈትሎቹ በአንድ ላይ ታስረው ከምሰሶው ተንጠልጥለዋል፤ አዝራር፣ ጨርቅ፣ ነጭ ጨሌ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ የዶሮ ላባ። የሰፈራችን ልጅ በሙሉ እዚያ ተሰቅሏል። ቀዩን ጨርቅና የካፖርቱን ቁልፍ ፈልጌ ሁለቱን ፈትል መዘዝኩ። ሌሎቹንስ? ሁሉንም መውሰድ እችል ነበር። ግን ሁሉም ከጠፋ ሌባ እንደገባ ይታወቃል፤ ሁለት ብቻ ከጎደለ ምናልባት አያስተውሉም። ሌሎቹን ትቼ ወጣሁ። በእኩል ካልሆነ እያልኩ ለአንዲት ቆሎ የምጣላ ልጅ፣ ነፍስ ላይ ሲደርስ የራሴን ብቻ መርጬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የእትዬ አስካለን ትንሿን ልጅ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። ፈትሎቹን ቤታችን በር ኋላ፣ ጭቃው የተሰነጠቀበት ውስጥ ወተፍኳቸው።

ፋሲካ አልፎ በሁለተኛው ቅዳሜ እናቶች ሁሉ ይምጡ ተባለ። እማሆይ ከጽዱ ሥር ቁርበት አንጥፈው ፈትሎቹን ደረደሩ። ልጅ እየተጠራ ይቆማል፤ አዲስ ፈትል ይለካል፤ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ይተያያል። እናቶች ያጉረመርማሉ፤ እኔ ከእማዬ ቀሚስ ኋላ ነኝ። የእኛ ተራ ሲደርስ እማሆይ ፈለጉ፣ አገላበጡ፣ ቁርበቱን አነሡ።

"የአንቺ ልጆች የሉም" አሏት እማዬን።

እትዬ አስካለ ወዲያው ገቡበት። "የት ይሄዳል? የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጆቹ ሳይበሉት በሶው ገበያ የወጣ እንደሆነ፣ ልኩ ባይገኝ የሚሻለው ለማን ነው?"

"ማርያምን!" አለች እማዬ። "አንድ እፍኝ ከቤቴ ከወጣ ዓይኔን ያጥፋው።"

ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ፣ እንግዲያው እስኪጣራ ድረስ የዚህ ቤት በሶ ይቁም አሉ። ጥቂቶች አዎ አሉ። የእማዬ አንገት ወደ ትከሻዋ ሲገባ ከኋላዋ አየሁት። ሌባ ያልሆነችው እሷ ናት፤ ሌባዋ እኔ ነኝ። ሞትም ቢሆን ይህ ትክክል አይደለም አልኩና ቁልቁል ሮጥኩ። ፈትሎቹን ከስንጥቁ ነቅዬ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተመልሼ እማሆይ እግር ሥር ጣልኳቸው።

"ለምን ወሰድሽው?" አሉኝ።

"ሙሉን ስለገደሏት።"

የሙሉ እናት እዚያው ነበሩ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እማሆይ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ቀስ ብለው ቁርበቱ ላይ ተቀመጡ።

"ሰም ስነክረው አየሽ?"

"አየሁ።"

"ከሞተች በኋላ ነው፣ ልጄ። አንቺ ስትታመሚ እናትሽ ለማርያም በቁመትሽ ልክ ጧፍ አልተሳለችም? ለሙሉም እናቷ ተስላ ነበር። ልጅቷ ባትድንም መብራቷ አይቅርባት ብዬ ልኳን ጧፍ አድርጌ አበራሁላት።"

የሙሉ እናት ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔ ግን ገና አላመንኩም። "እኛ ካልሞትን ለምንድን ነው የለኩን?" አልኩ።

"ደብተር ፈራችሁ፤ ማደጋችሁን በምን ልወቅ?" አሉና ተነሡ። "ነይ፣ ቁሚ።"

አስቀድመው ደምሴን ለኩ። አዲሱ ፈትል ከአሮጌው በሦስት ጣት ረዘመ። ማኅበርተኞቹ እልል አሉ። ከዚያ እኔን ለኩ። አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን ያዟቸው፤ ጫፍና ጫፉ ገጠመ። ፈትሉ ተስቦ ይሆናል ብለው ደገሙ። ሦስተኛ ለኩ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አንዲት ጣት አላደግኩም።

እማሆይ እማዬን አዩዋት። ድምፃቸውን አላነሡም። "የዚችን ድርሻ ማን በላው?"

"ወንድ ልጅ ነው፣ እማሆይ" አለች እማዬ። "አባቱ የለም። ነገ የሚቆምልኝ እሱ ነው ብዬ ነው።"

እኔ ያን ጊዜ ደምሴን አየሁት፤ ከዚያ ቅሉን፣ ትልልቁን ጭብጦ፣ የጠረግኩበትን ጣቴን አሰብኩ። ስድስት ወር ሙሉ በሰረቀኝ ሰው ፈንታ በሰጠኝ ሰው ላይ ዓይኔን ተክዬ ነበር። ልቤ ወደ እናቴ ዞረ፤ መዞሩ ከሙሉ ሞት ይልቅ አስፈራኝ።

እማሆይ ከአንድ ቤት የመጡትን ፈትሎች እየለዩ፣ የእኅቱን ከወንድሙ አጠገብ፣ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር በቁርበቱ ላይ አስተኟቸው። ማንበብ የማይችል ሁሉ አነበበው። የወንዶቹ አድጓል፤ የብዙዎቹ ሴቶች ባለበት ነው። የእትዬ አስካለ ሁለት ሴት ልጆች ፈትል ከሁሉም የባሰ ነበር። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ከእንግዲህ በሶ ወደ ቤት አይሄድም" አሉ እማሆይ። "ልጅ ሁሉ እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ ይበላል። ሴቷም እንደ ወንዱ።"

እኔ ፈነደቅኩ። ጭብጦዬን ከደምሴ ጭብጦ ጋር በመዳፌ እየመዘንኩ በላሁ፤ እኩል ነበር። ፍትሕ በቀጥታ ከሰማይ ወርዶ እጄ ላይ ያረፈ መሰለኝ።

ግንቦት ሲጋመስ አንድ ጠዋት የመቀነቱን ጫፍ ይዤ ቆሜ እማዬ ሦስት ጊዜ ዞረችና አጠገቤ አልደረሰችም። አራተኛ ዞረች። በማግስቱም አራት። ጥርጣሬ ለምዶብኛልና ወዲያው ሌላ ነገር አሰብኩ፤ አዲስ መቀነት የሰጣት ወንድ አለ አልኩ። አባቴ ይመለሳል እያልኩ የምጠብቅ ልጅ ስለነበርኩ ለሁለት ቀን አላናገርኳትም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ እሷ ገና ሳትነሣ መቀነቱን ገልጬ ፈተሽኩት። ባለፈው ዓመት ፍም ወድቆበት የበሳው ቀዳዳ እዚያው ነው፤ በጥቁር ክር የጣፈችውም እዚያው ነው። ያው መቀነት ነው። መቀነቱ ካልረዘመ ምን ቀጠነ?

ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማየት ጀመርኩ። እማዬ ከእኔ በኋላ ያንን ቅል በውኃ አጥባ ውኃውን ትጠጣው ነበር። ለንጽሕና ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚታጠብ ቅል የለም። እኔ ቀና ያልኩባት ፍትሕ እሷን ከቅሉ ውኃም አስቀርታታለች።

ቅዳሜ ጭብጦዬን እኩሌታውን በላሁና እኩሌታውን ቀሚሴ ውስጥ፣ ብብቴ ሥር ደበቅኩት። እማሆይ ግን ከእኔ የባሱ ተጠራጣሪ ሆነዋል። ቅጽሩ በር ላይ ጠብቀው እጄን ያዙኝ።

"ክንድሽን አንሺ።"

አላነሣሁም። ራሳቸው አነሡት፤ በሶው መሬት ላይ ተፈረፈረ።

"ለወንድምሽ ነው? አሁንም ለሱ?"

"ለእማዬ ነው" አልኩ። "መቀነቷ አራት ዞሯል።"

እማሆይ አልገባቸውም። እንዲገባቸው ነገርኳቸው፤ ሦስቱን፣ አራቱን፣ ቀዳዳውን፣ የቅሉን ውኃ። ሲያዳምጡ ሰም የተጣበቀበትን ጣታቸውን በሌላው ጣት ይፍቁ ነበር። ከዚያ የዝንብ ጭራቸውን ይዘው አብረውኝ ወረዱ።

እማዬ ሱፍ ስትነድፍ አገኘናት። ደንግጣ ተነሣች፤ ልጄ ደግሞ ምን አደረገች አለች። እማሆይ መቀነቷን እንድትፈታ ጠየቋት። አፈረች፤ ፈታችው። እማሆይ ጫፉን ይዘው እኔ በምቆምበት ግድግዳ ጋ ቆሙና፣ "ዙሪ" አሏት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ደረሰች።

"ሦስት ነበር" አልኩ እኔ።

እማሆይ መቀነቱን ራሳቸው ጠበቅ አድርገው አሰሩላት። "ለክቼ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር" አሉ። "የለካሁት ግማሹን ነው።"

ከማኅበርተኞቹ አንዳንዶቹ፣ የተባለው ለልጆች ነው፣ እናት በየትኛው ሕግ ገባች ብለው አንገራገሩ። እማሆይ በሃያ አንድ ድግስ ላይ ጽዋው ከመዞሩ በፊት ተነሥተው ምን እንዳሉ አላውቅም፤ እኔ አልነበርኩም። የማውቀው በሰኔ ቅዳሜዎች እናቶቻችን ከጽዱ ሥር ከእኛ ጋር ተቀምጠው መብላታቸውን ነው። እትዬ አስካለም መጡ፤ ጭብጦው አነሰ ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገሩ። ጣሳው ለብዙ ሰው ሲዳረስ በእርግጥ አንሶ ነበር። ግን ለሁሉም እኩል ነው ያነሰው።

በመስከረም እማሆይ ደግመው ለኩን። የእኔ አዲስ ፈትል ከአሮጌው በሁለት ጣት ረዘመ። እማሆይ የተረፈችውን ሁለት ጣት በጥርሳቸው በጥሰው ማተቤ ላይ ቋጠሩልኝ፤ ሰም ሰም ትሸት ነበር። የእማዬም መቀነት ወደ ሦስት ተመለሰ።

ከተመለሰም በኋላ ጠዋት ጠዋት ጫፉን ስይዝ ድምፄን አውጥቼ እቆጥር ነበር። እማዬ ግማሽ ዞራ ትቆምና፣ "አሁንም አታምኚኝም?" ትለኛለች።

"ዙሪ" እላታለሁ።